«እናቴ ደህና ነው ወይ?»

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጀምር «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። ጨረቃ አልነበረችም ይላል፣ ውሻ ጮኸብኝ ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ከዲላ ገበያ መሃል፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። በአቶ ሀሰን ጭነት መኪና ላይ የቆጮ እስር ከበላዬ፣ የቆጮ እስር ከበታቼ፣ እኔም እንደ አንዱ እስር መሃል ተወሽቄ። «ወዴት ነው?» ላለኝ ሁሉ «ያቤሎ፣ ቆጮ ልሸጥ» እላለሁ። ቆጮ እየሸጥኩ ያረጀሁ ሴት ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረም።

ከእስሮቹ በአንዱ ውስጥ ሁለት ካሴት ነበር። መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከዚያ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ እዚያ የቀበርኳቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ጭነት የእኔ የምለው ያንን ብቻ ነበር።

የካሴቶቹን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ወደ ፊት የምለው ሁሉ የሚገባችሁ አይመስለኝም።

አንደኛውን የላከው ልጄ ጂግሶ ነው፣ ከጦር ማሠልጠኛ። ጂግሶን የወሰዱት ከቡና መፈልፈያው በር ላይ ነው፤ ከኢዲዶ እሸት ቡና ጭኖ መጥቶ ገና በቅሎዋን ሳያራግፍ። «የእናት አገር ጥሪ ነው» አሉ። እኔም እናቱ ነበርኩ፤ የእኔን ጥሪ የጠየቀ የለም። ከማሠልጠኛው አንድ ጓደኛው ቴፕ ኖሮት ድምፁን ቀድቶ ላከልን። «አስቴር እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ደህና ነው ወይ? ላሟ ወለደች ወይ?» ይላል።

አስቴር ሚስቱ ናት። አባቷ ከሰሜን መጥተው ዲላ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ አማርኛዋ እንደ ተነጠረ ቅቤ ነው። እኛ ደግሞ ቤታችን የምንናገረው ጌዴኡፋ ነው። አማርኛን የለቀምነው ከገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «ነው» እንላለን። አስቴር በዚህ ትስቅ ነበር።

«ናት በል እንጂ አንተ! እናትህ ጢም አላት?» ትለዋለች።

«የከበረ ነገር ነው ነው የሚባለው» ይላታል እሱ። «ወርቅ ነው። ቡና ነው። እናቴ ነው።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከገበያ መልስ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እያንቀላፋሁ ነው። አሁንም ስጽፍ የአስቴር ሳቅ እየታወሰኝ «ናት» እላለሁ። ካመለጠኝ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ አለቀ፣ ጂግሶ አልመጣም። ወረቀትም አልመጣም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊው «ተሰውቷል ለማለት መረጃ የለኝም፤ አልተሰዋም ለማለትም መመሪያ የለኝም» አለኝ። እሱ ሳያያት የተወለደች ልጅ አለችው፣ የልጅ ልጄ። እሷ መራመድ ጀመረች፣ መናገር ጀመረች፤ እኛ ግን እዚያው ጸሐፊው የተወን ቦታ ቆመናል።

ሁለተኛውን ካሴት ያመጡልኝ አቶ ሀሰን ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው መኪና ይዘው እስከ ሞያሌ ይመላለሳሉ። ከድንበር ማዶ የሚሰማ አንድ ጣቢያ ነበር፤ የተማረኩ ልጆችን በየተራ እያቀረበ ለቤተሰብ ሰላምታ ያስደርጋቸዋል። ያንን መስማት ያሳስራል። አቶ ሀሰን መጋዘናቸው ውስጥ በጆንያ መሃል ራዲዮውን ደብቀው ያዳምጡ ነበርና አንድ ቀን አንዱን ድምፅ ቀዱት። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ጫጫታ አለ። ከጫጫታው ሥር አንድ ወንድ «እኔ … ሶ እባላለሁ … ከሲዳሞ ክፍለ ሀገር … ደህና ነኝ። እናቴ ደህና ነው ወይ?» ይላል።

በ«ሶ» የሚያልቅ ስም በእኛ አገር ስንቱ ነው! ጂግሶ አለ፣ በዳሶ አለ፣ ዳንጊሶ አለ። እኔ ግን ስሙን አልጠበቅኩም። «ደህና ነው ወይ» ሲል ተነሥቼ ቆምኩ። ከዚያ ሁሉ ወታደር እናቱን «ነው» የሚል ሌላ ማን አለ? አስቴር ግን ካሴቱን ሦስት ጊዜ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «እማዬ፣ የጂግሶ ድምፅ ወፍራም ነበር» አለችኝ። «ራብ ያቀጥናል» አልኳት።

የጂግሶ አጎቶች፣ የባሌ ወንድሞች፣ ከሶንጎው፣ ከአገሩ ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ስንት ዓመት ሆነ፣ ለቅሶው ይውጣ፣ አስቴርም ትፈታና ታግባ፣ ገና አበባ ናት፣ አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን በእኛ ዘንድ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ እናት ካልተቀመጠች ሚስት አትቀመጥም። ለቅሶውን የምትከፍተው የእናት ድምፅ ናት። እኔ ደግሞ ልጄ እየጠራኝ ተቀምጬ ላልቅስለት? «ሳላውቅ አልቀመጥም» አልኳቸው። «እንግዲያ እወቂው» አሉኝ። ያው ልወቀው ብዬ ወጣሁ።

ሞያሌ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ገለባብጦ አየው።

«ይህ እስከ ያቤሎ ነው የሚለው» አለኝ።

«ያቤሎ ሰዎች ቆጮ አልወደዱም፣ ልጄ።»

«እዚህስ ማን ይወዳል ብለሽ ነው?»

«አንተ የየት ነህ?»

«የወላይታ።»

«እንግዲያ አንተ ትወዳለህ።»

ሳቀ። ወታደሩ አንድ እስር ሊመርጥ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ያረፈው ካሴቶቹ ያሉበት ላይ ነው።

«ያንን ተው» አልኩት። «ገና አልደረሰም፣ ሆድ ይነፋል። ጥበቃ ላይ ሆነህ ያዋርድሃል።»

እጁን ሰብስቦ ሌላውን ወሰደ። «እናት መልስ አታጣም፣ እናት!» እያለ ገመዱን አወረደልን። ከዚያ ወዲህ የአገሬን ወታደር አላየሁም። ያ ልጅ ቆጮውን በምን በላው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ፤ ሥጋ ባይኖረው እንኳ ትንሽ ቅቤ አግኝቶ ይሆናል።

ናይሮቢ ሁለት ዓመት ቆየሁ። የአንድ መንገድ ሠሪ ጀርመናዊ ቤት ምግብ ማብሰልና ልጆች መያዝ ነበር ሥራዬ። በሶማሊያ የተማረኩ እስረኞችን ስም የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ሰውየው መዝገቡን በጣቱ ወርዶ ወርዶ «በዚህ ስም የለም» አለኝ። «ያልተመዘገቡም አሉ» ብሎ ጨመረልኝ፤ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ። ጀርመኖቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እመቤቲቱ እዚያ የበለጠ መፈለግ ይቻላል አለችኝና አብሬ ሄድኩ። እዚያ ጥቂት ቆይተን ልጆቿ አደጉ፤ ሞግዚት አያስፈልጋቸውም። ተሰናበትኩ።

ጥገኝነት ልጠይቅ ቢሮ ገባሁ። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ጨዋ ነው። ሹሙ ጠየቀ፣ ልጁ አቀበለኝ።

«ለምን ተሰደዱ? ማን አሳደደዎት?»

«ማንም አላሳደደኝም። እኔ ነኝ ልጄን የማሳድደው።»

አስተርጓሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ይህን ልተርጉመው?»

«ምን ክፋት አለው?»

«ይመልሱዎታላ! ጥገኝነት ለተሳዳጅ ነው እንጂ ለአሳዳጅ አይሰጥም። ቀበሌው አስፈራራኝ ይበሉ።»

«አስፈራርቶኛል። የወጣሁት ግን በሱ አይደለም።»

«እማማ፣ እኔ ስለ ልብዎ አይደለም የማወራው፤ ስለ ወረቀቱ ነው።»

ሹሙ ይህን ሁሉ ምን አወራችሁ አለ መሰለኝ፣ ልጁ አንድ አጭር ቃል መለሰለት። ያቺ ቃል ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አውስቫይሱን ግን ሰጡኝ፣ ፎቶዬ ያለበትን መታወቂያ።

ስለ አገሩ ምን ልበላችሁ። በብርድ ወራት ፀሐይ ለምሳ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ጎረቤት አይጠራም። ደረጃ ላይ ሰው ስታገኙ «ሞርገን» ይላል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ የለም፤ በአንዲት ቃል ሰላምታው ያልቃል። ዳቦው ይደርቃል፣ ድንቹ ድንች ነው። አንድ ቀን ግን በአከራዬ ምድር ቤት ሳልፍ የሆነ ሽታ መጥቶ ደረቴን መታኝ። የጎመን በርሜል ነው፤ ጎመን ከትፈው፣ በጨው ጠቅጥቀው፣ ድንጋይ ጭነው ያኮመጥጡታል። ሽታው የእኛው የቆጮ ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸተው ነው። ክዳኑን አንሥቼ አፍንጫዬን ከተትኩ፤ እንባዬ ጨው ላይ ጨው ሆነ። አከራዬ ደረሱብኝ።

«በርሜሌን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰረቅሽ?»

«ናይን፣ አልሰረቅኩም። አሸተትኩ።»

«አሸተትሽ?»

«አሸተትኩና መልሼ ከደንኩት።»

«ማሽተት በኪራዩ ውል ውስጥ የለም» አሉኝ። በማግስቱ በርሜሉ ላይ ቁልፍ አንጠለጠሉ። ቁልፍ ግን ሽታ አያስርም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ እስክጠግብ አሸት ነበር።

ሥራ ያገኘሁት በአንድ ትልቅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ወለል መወልወል። ከክፍሎቹ አንዱ መስኮቱ በጥቁር የተሸፈነ ነው። መሃሉ ላይ ደርዘን ሰው የማያነሳው የድንጋይ ጠረጴዛ አለ። «ጠረጴዛውን አትንኪ፣ አቧራ አታንሺ» ተብያለሁ። እኔ ደግሞ ጨርቄን ማራገፍ ልማዴ ነውና መጀመሪያ ቀን እፍ ስል አቧራው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ቀይ ክር ታየኝ። ጮኼ ወደቅኩ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሽበታም ሴት ወጣች፣ ዶክተር ሄልጋ። የክፍሉ ባለቤት እሷ ናት።

«አቧራ!» ብላ ተቆጣች። ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «ብርሃን ነው። አይዞሽ፣ አይቆርጥም። በቀጥታ በዓይንሽ እንዳታይው ብቻ።»

ከዚያ ወዲያ ስወለውል ታናግረኛለች። የእኔ ጀርመንኛ እንደ አማርኛዬ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ግን እየተግባባን ሄድን። ሥራሽ ምንድን ነው አልኳት አንድ ቀን።

«መንታ መፈለግ» አለችኝ። «በኤሌክትሪክ አንድ ምልክት እንልካለን። ሩቅ ሄዶ፣ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ደክሟል፣ ጫጫታ ውስጥ ሰምጧል። ከዚያ ጫጫታ ውስጥ የላክነው ምልክት አለ ወይስ የለም? በቁጥር ቢፈለግ ማሽኑ ብዙ ይደክማል። እኔ ብርሃንን ነው የምጠይቀው።»

«ብርሃን ምን ያውቃል?»

ሁለት የፊልም ቁራጮች አሳየችኝ። ኤሌክትሪኩን በብርሃን ፊልም ላይ ትጽፈዋለች፤ አንዱ ቦታ ጥቁር፣ አንዱ ቦታ ስስ ሆኖ ይታተማል። የላኩትን በአንዱ፣ የተመለሰውን በሌላው። ሁለቱን አነባብራ ቀዩን ብርሃን በመሃላቸው ታሳልፋለች። ከኋላ እንደ ምስር ክክ ያበጠ መስታወት አለ፤ ያለፈውን ሁሉ ብርሃን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያከማቸዋል።

ወጥቼ ከሠራተኞቹ ማድ ቤት ሁለት ወንፊት ይዤ መጣሁ። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ መብራት ፊት ያዝኩት። ቀዳዳና ቀዳዳ ሲተላለፍ ይጨልማል። ቀስ አድርጌ ሳዞረው ቀዳዳው ሁሉ ገጠመና ቦግ አለ።

«እንዲህ ነው?»

ሄልጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዋን «ቮንፊት» ትለው ጀመር።

«ጫጫታውስ?» አልኳት።

«ጫጫታ ከማንም ጋር አይገጥምም። እዚህ ቢያሳልፍ እዚያ ይደፍናል፤ በድምሩ ድንግዝግዝ ነው። መንታ ከሆነ ግን በሁሉም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ከጫጫታ ሥር የተቀበረም ቢሆን ይወጣል።»

መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን ነገር ስም ድንገት ከሌላ አፍ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። የካሴቶቹን ነገር ነገርኳት።

ስለ አባቷ አወራችኝ። በእነሱ ጦርነት ወደ ሩሲያ ሄዶ አልተመለሰም፤ ሞተ የሚል ወረቀትም የለም። እናቷ የቤቱን ቁልፍ ሳትቀይር አረጀች። በሩ እየተንገጫገጨ፣ ብርድ እያስገባ። ለምን ሲሏት «እሱ የያዘው ቁልፍ አሮጌው ነው» ትል ነበር አሉ። የሚፈልጋት ሰው ነበር፤ ደግ ሰው፣ ለሄልጋም ዳቦ ይዞ የሚመጣ። ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

«ካሴቶቹን አምጪልኝ» አለችኝ።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። ሙሉውን ንግግር ማስተያየት አይቻልም፤ በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ቃል ያስፈልጋል አለች። በሁለቱም ያለው ረዘም ያለ ቃል አንድ ብቻ ነው። «እናቴ ደህና ነው ወይ።» ያንን ከሁለቱም ቆርጣ አወጣችና የድምፁን ሥዕል ፊልም ላይ አተመችው፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ውስጥ ያለውን ቀጭን ከላይ፣ ወፍራሙን ከታች አድርጋ። ልጄን አየሁት ልበላችሁ? የነጠላ ጥለት ይመስላል። «እናቴ» የሚለው ሦስት እብጠት አለው። «ነው» የሚለው ደግሞ እንደ ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል። ጣቴን ልሰድበት ስል ሄልጋ እጄን ያዘችኝ፤ ላብ ያበላሸዋል አለች።

መጀመሪያ የማሠልጠኛውን ድምፅ ከራሱ ጋር አነባበረችው። ነጥቡ እንደ ፍም በራ። «ራሱ ከራሱ ጋር ሲሆን ይህን ያህል ነው» አለች። ከዚያ አንዱን አንሥታ የራዲዮውን አስገባች። ጨለማ። ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ ታዞራለች፣ ፊልሙ ይንሸራተታል። ድንግዝግዝ። ድንግዝግዝ። አምላኬን እየጠራሁ ነው። ከዚያ ድንገት ነጥቡ መጣ። የመጀመሪያውን አያህልም፤ ግን መጣ፣ ቀይ፣ ቁልጭ ብሎ።

እልል አልኩ። በዚህ አገር እልልታ ተሰምቶ አያውቅምና ከኮሪደሩ ሰዎች ሮጠው መጡ። ሄልጋ «ምንም አይደለም» ብላ መለሰቻቸው። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ቆይ» አለችኝ። «ብርሃኑ ቃሉ አንድ ነው እያለ ነው። ሰውየው አንድ ነው ገና አላለም። ያንኑ ቃል የሚናገርልኝ ያገርሽ ሰው አምጪ።»

ያን አስተርጓሚ ለመንኩት፣ መጣ። ማይክሮፎኑ ፊት ጉሮሮውን ጠርጎ «እናቴ ደህና ናት ወይ?» አለ።

«ነው በል!» አልኩት።

«እማማ፣ ስህተት ነው እኮ።»

«ተሳሳትልኝ!»

«ሰው ይሰማኛል» ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ከሄልጋ በቀር ማንም የለም። «እናቴ ደህና ነው ወይ» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እያነበበ። ፊልሙ ታተመ፣ ተነባበረ። ድንግዝግዝ ብቻ። ነጥብ የለም።

«አየሽ!» አልኳት ሄልጋን። «ሌላ ሰው አይሆንም! ልጄ ነው!»

«እሱ የሌላ ከተማ ሰው ነው፤ ዜማው ሌላ ነው» አለች። «እንደ ልጅሽ የሚናገር ማን አለ?»

ማን አለ? በዚህ አገር የዲላ ሰው ከየት ይመጣል? ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ አወቅኩት፤ እምቢ ልል ፈለግኩ። ግን ልወቀው ብዬ አይደል የወጣሁት።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። እናቴ ከሞተች አርባ ዓመት ሊሆናት ነው። «እናቴ ደህና ነው ወይ?» አልኩ።

የእኔን ከማሠልጠኛው የጂግሶ ድምፅ ጋር አነባበረችው። ብሎኑን አዞረች። ነጥቡ መጣ። የነጥቡን ብርታት በሚለካው መለኪያ ላይ ያለችው መርፌ የራዲዮው ልጅ ያቆማት ቦታ ላይ፣ ከዚያ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብላ ቆመች። ደግማ ለካችው፣ ሦስተኛም ለካችው። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሄልጋ መብራቱን አበራች። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው» አለች ቀስ ብላ። «ዜማው ያንቺ ነው። የራዲዮው ልጅ ያንቺ ልጅ ሊሆን ይችላል። የጎረቤትሽ ልጅም ሊሆን ይችላል። የእኔ ብርሃን ከዚህ በላይ አያይም።»

ያን ቀን ወለሉን ሳልወለውል ወጣሁ። በረዶ ይወርዳል። ያ ስህተት የልጄ ብቻ መስሎኝ፣ በሱ የማውቀው መስሎኝ፣ ድንበር ተሻገርኩበት። የዲላ ገበያ ሴት ሁሉ፣ ከገደብ የሚመጣው፣ ከኢዲዶ የሚወርደው ሁሉ እንዲያ ብሎ ነው ልጁን ያሳደገው። ማሽኑ አገሬን ለይቶ አወቀልኝ፤ ልጄን አልለየልኝም። ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ ልጅ ጂግሶ ካልሆነ የሌላ እናት ልጅ ነው፣ ወይ የበዳሶ ወይ የዳንጊሶ እናት፤ ልጇ «እናቴ ደህና ነው ወይ» እያለ ሲጠይቅ እሷ አልሰማችም። ካሴቱን እኔ ይዤባታለሁ።

ከዲላ ጋር ስልክ ለመነጋገር በአቶ ሀሰን በኩል ቀጠሮ ይያዛል። አስቴር ስልክ ቤት መጥታ ትጠብቃለች። መስመሩን የሚያዳምጥ ስለማይጠፋ ስለ ሕመምተኛ እንደምናወራ ለማስመሰል ተስማምተናል።

«እማዬ! ሐኪሟ ምን አለች?»

«ምልክት አይታለች።»

ትንፋሿ ሲቆም ከዚያ ሁሉ አገር ማዶ ተሰማኝ።

«ግን እኔንም ስትመረምረኝ ያንኑ አየችብኝ» አልኳት። «የአገሩ ሕመም ነው አለች። የሱ ይሁን የሌላ ሰው መለየት አልቻለችም።»

«አልቻለችም?»

«አልቻለችም፣ ልጄ።»

ስልኩ ውስጥ ጫጫታ አለ፣ ያው የዝናብ ጫጫታ። ከዚያ «ሽማግሌዎቹ ትናንት መጥተው ነበር» አለችኝ። «የጂግሶ እናት ትቀመጣለች ወይስ አትቀመጥም ነው የሚሉት። ከተቀመጠች ድንኳን እንጥላለን አሉ።»

ያንን የማይዘጋ በር አሰብኩ፣ የሄልጋን እናት። ዳቦ ይዞ ይመጣ የነበረውን ሰው አሰብኩ።

«አንቺ ተቀመጪ» አልኳት። «እኔን አትጠብቂ። ልጅ ነሽ።»

«እናት ሳትቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል? ለመሞቱ ቸኮለች ይለኛል እኮ!»

«እንግዲያ ተቀምጣለች በያቸው። እዚያ ባዕድ አገር ሆና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች በያቸው።»

«ተቀምጠሻል?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አዎ ብል ታምነኝ ነበር፤ ትፈታ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«አልተቀመጥኩም» አልኳት።

«እኔም አልቀመጥም» አለች፣ እንደ ተቆጣች ሁሉ። ከዚያ ድምፅዋ ላላ። «እስከ ቡና ለቀማ እጠብቃለሁ፣ እማዬ። እስከ ለቀማ።»

«ከዚያስ?»

«እናት፣ ደቂቃችሁ አልቋል» አለ የዲላው የስልክ ቤት ሰው። ቆረጠው።

ከስልኩ ሳጥን ወጣሁ። እዚህ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሟል፤ ቀይ ፍሬ የለ፣ አረንጓዴ የለ፣ ወር በምን ይታወቃል። ለቀማው ተጀምሮ ይሁን አልቆ ይሁን፣ እስከ ለቀማ ያለችው የዘንድሮውን ይሁን የከርሞውን አልጠየቅኳትም። ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ መልስ አልመጣም። ይህን የምታነቡ የዲላ ሰዎች፣ አስቴርን ስልክ ቤት በር ላይ ካገኛችኋት ጠይቁልኝ፤ የትኛውን ለቀማ ነው?